ድንኳኑ፣ አንበጣው እና መሥራቾቹ

የእድራችን ድንኳን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ቡጢ ያስገባል። ሁለተኛው ድመት ያሳልፋል። ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ግንቦት ላይ የድንኳን ቀዳዳ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም። ፀሐይዋ ሾልካ ገብታ ለቀስተኛው አናት ላይ ትቀመጣለች። ደግሞ አንድ ቦታ አትረጋም፤ ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው ትሄዳለች። ሰውም የፕላስቲክ ወንበሩን እየጎተተ ይሸሻታል። ባለፈው ግንቦት ሳቢያን በነበረ ለቅሶ ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ፣ የሟች ቤተሰቦች ብቻቸውን መሐል ፀሐይ ላይ ቀሩ። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጸሐፊነቱን ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ማኅተሙ፣ መዝገቡና ስድቡ የኔ ድርሻ ነው።

አዲስ ድንኳን እንግዛ ማለት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ተኝቷል። ችግሩ መተዳደሪያ ደንባችን ነው። እድሩን ያቋቋሙት የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ድሬ ውስጥ ሸሚኖ የምንላቸው። ድሮ፣ ገና እንደተመሠረተ፣ ገንዘብ ያዡ ሳጥኑን ታቅፎ በሌሊቱ ባቡር ጅቡቲ ገባ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት አላውቅም። መሥራቾቹ ግን ከዚያ በኋላ አንድ አንቀጽ ጨመሩ። ትልቅ ወጪ ሲኖር ከመሥራቾች አንዱ እንኳን ከተቃወመ አይፈጸምም። አንቀጹን ለማንሳትም የእነሱ ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል።

ዛሬ በሕይወት ያሉት መሥራቾች አራት ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። አንዱ ጆሯቸው አይሰማም፤ የተባሉትን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይቀበላሉ። አንዱ ተስማምተዋል። አራተኛው አይሆንም አሉ። «ሸራው የፈረንሳይ ሸራ ነው። ሰፍታችሁ ተጠቀሙበት» ነው መልሳቸው። ጋሼ ሲቆጡ ፈረንሳይኛ ይቀላቅላሉ። ስብሰባው እዚያ ላይ ያበቃል።

በዚያው ሰሞን ከከዚራ ወደ ሳቢያን በባጃጅ ስሄድ ሬዲዮው ስለ ተባበሩት መንግሥታት ማሻሻያ ያወራል። የጸጥታው ምክር ቤት፣ የአፍሪካ ወንበር፣ የበጀት እጥረት። ሹፌሩ እጁን ሰድዶ ዘፈን ላይ አደረገው። «አቦ ተወና፣ እነሱ ሁሌ ስብሰባ ናቸው» አለኝ። ልከራከረው ፈልጌ ነበር። መንገዱ አጭር ነው፣ እኔ ደግሞ ሲበዛ እናገራለሁ። እዚህ ልጻፈው።

በሙያዬ የእፅዋት ጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ ተባይ ነው። የዓለም ስብሰባ ማሽላ ማሳ ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥቅምት 2012 ነበር። ከከተማው ወጣ ብለው ባሉት ገጠር ቀበሌዎች ማሽላው ሊታጨድ ቀናት ቀርተውታል። አንድ ገበሬ ደወለልኝ። «ደመና መስሎኝ ነበር። ግን ደመናው መሬት ላይ ያርፋል» አለኝ።

ስንደርስ አንዲት እናት፣ አዴ እንላቸዋለን፣ ድስት በማንኪያ እየቀጠቀጡ ማሳቸው ውስጥ ይዞራሉ። ልጆች ጄሪካን ይደበድባሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ። አንበጣው ብድግ ይላል። ትንሽ ሄዶ የጎረቤት ማሽላ ላይ ያርፋል። ጎረቤት ደግሞ ቆርቆሮውን ይዞ ይወጣል። እንደገና ብድግ፣ እንደገና ወደዚያኛው። እስከ ማታ እንዲህ ዋሉ። ማታ ሁሉም ድምፁ ተዘግቷል፣ የሁሉም ማሽላ ተበልቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ «ዓለም አቀፍ ትብብር» ሲባል የምትታየኝ የአዴ ድስት ናት።

ድምፁን ላልሰማ ሰው ምን ብዬ ልንገረው። ደረቅ ሣር ላይ እሳት ሲያያዝ ያለው ዓይነት ነው፤ ግን ጭስ የለውም። የግራር ቅርንጫፍ ከክብደቱ የተነሳ ወደ መሬት ይጎነበሳል። መኪና ውስጥ ሆነን የመስታወት መጥረጊያውን ስንከፍተው ቢጫ ቅባት ብቻ ነው የሚያሰራጨው። ዶሮዎች መጀመሪያ ላይ ሠርግ ነው የመሰላቸው። ከሰዓት በኋላ ጠግበው አንበጣ እላያቸው ላይ ሲራመድ ዝም ብለው ያያሉ።

የበረሃ አንበጣ ሌሊት ይተኛል። ጠዋት ፀሐይ ካላሞቀችው አይበርም። ስለዚህ መርጨት ያለብህ በማለዳ ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ቢበዛ 3። ከዚያ ካለፈ ሄዷል። በነፋስ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እኛ ጋ የነበረው የጀርባ መርጫ ነው፣ ለቲማቲም የሚሆን። አውሮፕላን ጠየቅን። አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ነው፣ ነገ ይመጣል ተባለ። ነገ አንበጣው ሌላ ወረዳ ነው። ከመኪናዬ ወርጄ ለአዴ ይህን ስነግራቸው ድስቱን እንደያዙ አዩኝ። «እና አንተ ለምን መጣህ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፎርም ሞላሁ።

የገና ማግስት ሰሞን፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2012፣ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል መንጋ ውስጥ ገባ። የፊት መስታወቱ ተለጥፎበት ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ያኔ ነው አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ «ለካ እውነት ነው» ብለው የደወሉልኝ። የአዴ ማሽላ ዜና አልሆነም ነበር።

ግን እውነተኛው ዕድል ያመለጠን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። አንበጣ ከእንቁላሉ ሲወጣ ክንፍ የለውም። ኩብኩባ ነው። መሬት ለመሬት፣ እንደ ጥቁር ምንጣፍ ተያይዞ ይሄዳል። እዚያ ላይ ካገኘኸው በትንሽ ሰውና በትንሽ መድኃኒት ይጠፋል። ክንፍ ለማውጣት አንድ ወር ከምናምን ይፈጅበታል፤ ያ ነው ያለህ ጊዜ። የኛን ማሽላ የበላው አንበጣ መነሻው ግን ድሬዳዋ አካባቢ አልነበረም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ዓረብ ምድር ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሜኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች፣ አንዱ በግንቦት አንዱ በጥቅምት፣ ሩብ አል ኻሊ የሚባለው ባዶ በረሃ ላይ ዝናብ አፈሰሱ። በረሃው ውስጥ ሐይቅ ተፈጠረ። አንበጣው እዚያ ሦስት ትውልድ አከታትሎ ተራባ፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ 8,000 እጥፍ ሆነ። ሰው ስለማይኖርበት ያየው የለም። ከዚያ ወደ የመን ገባ። የመን ጦርነት ላይ ናት። የአንበጣ አሳሽ መኪና በግንባር መሐል አያልፍም። ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ እኛ መጣ። ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ያልታየ ወረርሽኝ ሆነ።

ልብ በሉ። አንዱ አገር ዝናብ ዘነበለት፣ ሌላው አገር ተዋጋ፣ ሦስተኛው አገር ማሽላውን አጣ። ድሬዳዋ ላይ ምንም ዓይነት ጎበዝ ባለሙያ ብታስቀምጥ የመንን አይረጭም።

ለዚህ የቆመ ተቋም ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ በአገራችን 167,000 ቶን እህል በልቶ ነበር። ለአንድ ሚሊዮን ሰው ዓመት የሚበቃ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በስምምነት ተቋቋመ። ዛሬ ዘጠኝ አባል አገሮች አሉት፤ ከጅቡቲ እስከ ታንዛኒያ። ሐሳቡ እድር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሁሉም በየዓመቱ ያዋጣል፣ አውሮፕላኑ የጋራ ነው፣ የነፈሰበት እርዳታ ያገኛል። አንበጣው ብዙ ዓመት ሲጠፋ ግን አባላት መዋጮ ማዘግየት ጀመሩ። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። የኔን መዝገብ ማየት ይበቃል። ሰፈሩ ውስጥ ስምንት ወር ሰው ካልሞተ «ጸሐፊ፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ላይ» የሚለኝ ይበዛል።

ከዚያ ምን ሆነ? የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በጥር 2020 በእነሱ አቆጣጠር 76 ሚሊዮን ዶላር ስጡኝ ብሎ ለመነ። አንበጣው መልስ አልጠበቀም፤ ተራባ። የካቲት ማለቂያ ላይ የሚያስፈልገው ገንዘብ 138 ሚሊዮን ሆነ። በእጅ የገባውና ቃል የተገባው 33 ሚሊዮን ነበር። በዚያው ሰሞን የዓለም የምግብ ፕሮግራም ያወጣው ግምት አለ። አሁን መከላከል ከሚያስወጣው፣ በኋላ የተራበውን መመገብ ቢያንስ 15 እጥፍ ያስወጣል። አሥራ አምስት እጥፍ! አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል እንደሚበላ እያወቁ።

እኔ ስለ ዓለም አስተዳደር የምለው ነገር እንግዲህ ይሄ ነው። እድር ሰው ከሞተ በኋላ ባርኔጣ አያዞርም። ድንኳኑ አስቀድሞ አለ፣ ድስቱ አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብ አለ። ሬሳ ቤት ውስጥ ካለ በኋላ ለገንዘብ የሚዞር ማኅበር ስሙ እድር አይደለም፣ ልመና ነው። ዓለም ትላልቅ ጉዳዮቿን አብዛኛውን በልመና ነው የምታስተዳድረው። ጉባኤ ይጠራል፣ አገሮች እየተነሱ ቃል ይገባሉ፣ ይጨበጨባል። ቃሉ ሲሰበሰብ ግን ኩብኩባው ክንፍ አውጥቷል።

ሳጥን ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለድንገተኛ አደጋ የተዘጋጀ ፈንድ አለው። ለአንበጣውም በዚያ ጥር 10 ሚሊዮን ዶላር ከዚያ ወጥቷል። ሌላው ገና በልመና ላይ እያለ ያ ገንዘብ ደርሷል። እኔ ይህን ነው ያሻሽሉት የምለው። ሳጥኑን ያሳድጉት።

የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ከኔ በላይ ይናገረዋል። ሐምሌ 30 ለእሁድ አጥቢያ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው ወደ ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። የሞተው ግን እዚህ ታች የተኛው ነው። ያን ጠዋት ድንኳናችን ያለ ቀዳዳ ነበር። ማንም ፈርሙ ሳይል ተተከለ። የእድሩ፣ የአፎሻው፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የመስጊዱ ድስት ተቀላቅሎ የማን እንደሆነ ለመለየት ወር ፈጅቶብናል። አንድ ትልቅ ድስት እስከዛሬ አልተመለሰልንም። መዝገቤ ላይ «በጎርፍ ጊዜ የሄደ» ተብሎ ተጽፏል።

ወደ መዋጮ ልመለስ፤ የጸሐፊ ነገር አይለቀኝም። የተባበሩት መንግሥታት የ2025 መደበኛ በጀት 3.72 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለ193 አባላት ተከፋፍሎ ነው የሚሰበሰበው። ትልቁ ድርሻ የአሜሪካ ነው፣ 22 በመቶ። የቻይና ወደ 20 ደርሷል። ድሃዎቹ አገሮች 0.001 በመቶ ይከፍላሉ። ይሄ ፍትሐዊ ነው፤ እኛም ጋ የመበለት መዋጮ ግማሽ ነው። ደብዳቤው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ክፈሉ ይላል ደንቡ። አሜሪካ የበጀት ዓመቷ የሚጀምረው በእነሱ ጥቅምት ስለሆነ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው የምትከፍለው፤ ስትከፍል። ሌሎችም ያዘገያሉ። ዋና ጸሐፊው ገንዘብ ሲያጥር ቅጥር ያቆማሉ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያጠፋሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ። አዝኜላቸው አላውቅም ነበር፣ አሁን አዝናለሁ። ደግሞ የቻርተሩ አንቀጽ 19 የሁለት ዓመት ውዝፍ ያለበት አገር በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ አይሰጥም ይላል። ሁለት ዓመት! እኛ ጋ ሦስት ወር ነው።

ይህን አንድ ማታ ለዳኛችን አነበብኩላቸው፣ የእድሩ ዳኛ ማለቴ ነው። ፋጢራ እየበሉ ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ረሳህ። ሀብታሙ ሰው ከእድር ለምን አይወጣም? ድንኳን መግዛት አቅቶት ነው? አይደለም። ሬሳውን ብቻውን አይሸከምም። ያችን ፈርቶ ነው። አሜሪካ ማን ይቀብረኛል ብላ ትፈራለች?»

ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። እድርን እድር የሚያደርገው ደንቡ አይደለም፣ ይሉኝታና ፍርሃት ነው። አሜሪካ በጥር 2025 ከዓለም ጤና ድርጅት እወጣለሁ ስትል ማንም መቀጮ አልጣለባትም። ቀብሬ ላይ አይመጡም ብላ አላሰበችም። ኮሮና ሁሉም ሬሳ እንዳለው አሳይቶ ነበር፤ ግን ሰው ቶሎ ይረሳል። እኔ የደረስኩበት ሐሳብ፣ ባያጠግብም፣ ይሄ ነው። አንድ ነፋስ የሚነፍስባቸው፣ አንድ ወንዝ የሚፈስባቸው አገሮች እድር ይቀላቸዋል። ዘጠኙ የአንበጣ አገሮች ማሽላቸው በአንድ መንጋ ይበላል። ኒው ዮርክ ላይ ከሚጠበቀው ማሻሻያ በፊት የእነሱ መዋጮ በጊዜው ቢከፈል ለአዴ ይሻላቸው ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። «ሳጥኑን ማን ይከፍተዋል? ቁልፉ ያለው ወንበሩ ላይ ነው» ይላል። ትክክል ነው። የኛ እድር ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ ድንኳኑ ቀዳዳ ነው።

ጋሼን ያናደድኳቸውም በዚህ ነው። ባለፈው ወር ቤታቸው ሄጄ፣ በሻይ መሐል፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የጸጥታው ምክር ቤት ሆኑ» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ አስረዳኋቸው። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያሸነፉት አምስቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ደንብ ሲጽፉ ለራሳቸው ቋሚ ወንበርና ቬቶ፣ አንዱ እምቢ ካለ ውሳኔው የሚቀርበትን መብት፣ ያዙ። ያኔ ድርጅቱን ከመሠረቱት 51 አባላት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ አብዛኛው አፍሪካ ግን ቅኝ ግዛት ነበር። ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሰፍቷል። በ1965 ከ11 ወደ 15፤ የተጨመሩት አራቱም ተለዋዋጭ ወንበሮች ናቸው። ቻርተሩን ለመለወጥ ከአባላት ሁለት ሦስተኛው ማጽደቅ አለበት፣ አምስቱም በሙሉ ጭምር። መሥራቹ የራሱን መብት እንዲቀንስ መሥራቹን ነው የምትጠይቀው። 54 የአፍሪካ አገሮች አንድ ቋሚ ወንበር የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2005 አፍሪካ ሁለት ቋሚ ወንበር ከነቬቶው ብላ አንድ አቋም ይዛለች። በመስከረም 2024 አሜሪካ ሁለት ወንበር ለአፍሪካ እደግፋለሁ አለች። ያለ ቬቶ።

«ወንበሩን ሰጥተው ድምፁን ያዙ?» አሉ ጋሼ። «እንዲህማ ከሆነ ለምን ይቀመጣሉ። ቆመው ይስሙ።»

ቀጥለው ግን ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ። አባታቸውም ሸሚኖ ነበሩ። ሚያዝያ 1928 ንጉሡን ወደ ጅቡቲ የወሰደው ባቡር በድሬዳዋ ሲያልፍ ጣቢያው ላይ ነበሩ። ማንም እልል አላለም፣ ማንም አላለቀሰም፤ ሰው ዝም ብሎ ጎማውን ነበር የሚያየው ይሉ ነበር አሉ። በሰኔው ንጉሡ ጄኔቭ ቆመው ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት በነበረው የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ያኔ 12 ዓመቷ ነው። መዋጮዋን የከፈለች አባል ናት! ማኅበሩ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፣ ነዳጅ ግን አልከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። የጣሊያን መርከብ ጦሩን እንደጫነ አለፈ። ከንግግሩ በኋላ ሐምሌ ሳያልቅ ማዕቀቡም ተነሳ።

«ያ ማኅበር ለምን ፈረሰ መሰለህ?» አሉኝ። «ትልልቆቹ ስላልታሰሩበት ነው። አሜሪካ ጭራሽ አልገባችም። ስለዚህ በኋላ ቬቶ የሚባለውን ሰጥተው አስገቧቸው። እኛም ያን አንቀጽ ያስገባነው ሌባ አይተን ነው። ሌባ አይተህ የቆለፍከውን በር ልጆች ቀዳዳ ነው ይሉሃል።»

መልስ አጣሁ። በሁለቱም በኩል እውነት አለ። ቬቶው መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹን ቤት ውስጥ ለማቆየት የተከፈለ ዋጋ ነው። ዛሬ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሆነው በሩን የሚይዙበት ሆኗል። ጋሼን እወዳቸዋለሁ፤ ድንኳኑ ግን አሁንም ቀዳዳ ነው።

ገንዘብ ቤቱም ያው ነው፤ አጭር አደርገዋለሁ። በዓለም የገንዘብ ድርጅት ትልቅ ውሳኔ ለማሳለፍ 85 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ብቻዋን 16.5 ገደማ አላት። ሒሳቡን ሥሩት። አገራችን እዳዬን አሸጋሽጉልኝ ብላ በቡድን 20 ማዕቀፍ ያመለከተችው በእኛ አቆጣጠር በ2013 ነው፤ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር በመርህ ደረጃ የተስማማችው በ2017። አራት ዓመት አበዳሪዎቹ እርስ በርስ «አንተ ቅድም፣ አንተ ቅድም» ሲባባሉ። በዚያ መሐል ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ምንዛሪው ሲለቀቅ፣ የድንኳኑ ዋጋ በአንድ ክረምት ከእጃችን ወጣ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለው ነጋዴ «ሸራ በዶላር ነው ጸሐፊ» ብሎኛል። ስለዚህ የኛም ሳጥን ሙሉ ነው ያልኩት አሁን ግማሽ ነው ማለት ነው። ጋሼ እምቢ ባሉ ቁጥር ሸራው ይወደዳል። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። «ታዲያ ሰፉት» አሉኝ።

ባለፈው እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራሁ። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። አዲስ አበባ ያሉት መሥራች አልመጡም፣ ጆሯቸው የማይሰማው መጥተው በጭንቅላታቸው ተስማሙ፣ ጋሼ ዝም አሉ። ለሁለት ሳምንት ተላለፈ።

ማክሰኞ ማታ ሰው ሞተ። ድንኳኑ ለሮብ መተከል አለበት።

ባለቤቴ ሌሊቱን ወስፌና ሲባጎ አውጥታ ተቀመጠች። ቀዳዳውን የሚሸፍን ወፍራም ነገር ቤት ውስጥ ያገኘነው አንድ ብቻ ነው። ከአንበጣው ዓመት በኋላ የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ነጭ ጆንያ። ማሽላ እናስቀምጥበት ነበር። ለትልቁ ቀዳዳ ሙሉውን፣ ለትንሹ ቁራጩን አደረገችው። ሮብ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ መጣች፣ ጆንያው ላይ አረፈች፣ እንደ ድሮው አልገባችም። ብርሃኑ ብቻ ገባ። ከታች ሆነህ ቀና ስትል በጆንያው ላይ ያለው ሰማያዊና ቀይ ጽሑፍ ተገልብጦ ይታያል። በእንግሊዝኛ ነው። ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ ይላል። ያንን ጆንያ ያሳተመው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ተዘግቷል።

ጋሼ ወንበራቸውን ከሥሩ አድርገው ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ወደ ላይ አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፦

«ይሄ ደግሞ የማን ሸራ ነው?»